ሰሜን ኖርዌይን ለማየት መጋቢት ይሻላል

አንድ ተማሪ «በክረምት ወደ ኖርዌይ እሄዳለሁ» ቢል ሰሚው ምን ይረዳ? ለእኛ ክረምት ማለት ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስከረም መባቻ ያለው የዝናብ ወራት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። በመማሪያ መጻሕፍትና በዜና ትርጉሞች ግን ይኸው ቃል የአውሮፓውያኑን የበረዶ ወራት እንዲወክል ተደርጓል። በጋም እንዲሁ ነው፤ የእኛ በጋ ጥርን ሲይዝ የትርጉሙ በጋ ሐምሌን ይይዛል። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ወራትን ከተሸከመ ስለ ወቅት መከራከር ያስቸግራልና፣ በዚህ ጽሑፍ የወቅት ስሞችን ትተን በወር ስም ብቻ እንነጋገር። የጸሐፊው አቋም አጭር ነው፦ ሳይንስ የሚማር ሰው ሰሜን ኖርዌይን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የማየት ዕድል ካገኘ፣ መሄድ ያለበት በሐምሌ ሳይሆን በመጋቢት ነው።

ብዙው ሰው ሐምሌን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚዘጉት ያኔ ነው፤ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የአጭር ጊዜ ሥልጠናዎችም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ይሰጣሉ። የጉብኝት ድርጅቶች በራሪ ወረቀቶችም በእኩለ ሌሊት ፀሐይ ሥዕል የተሞሉ ናቸው። በዚህ ላይ የብርዱ ፍርሃት ሲታከልበት ምርጫው ያለ ክርክር ያልቃል።

ለሐምሌ የሚቀርበውን ምስጋና ማቃለል አይገባም። የሰሜን ኖርዌይ ትልቋ ከተማ ትሮምሶ በ69 ዲግሪ ከ39 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ ከአርክቲክ ክበብ ወደ ሰሜን 340 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በዚያ ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ 15 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። የምድር ዘንግ በ23.4 ዲግሪ ማዘንበሉን በመጽሐፍ ለተማረ ሰው፣ በሰኔ 14 እኩለ ሌሊት ፀሐይን ከአድማስ በላይ በ3 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ ትዕይንት በመጀመሪያው ሌሊት የሚሰጠውን ሁሉ ሰጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰውነት የለመደውን ጨለማ ፍለጋ መገላበጥ ነው፤ እንቅልፍን የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በሚገባ የሚመነጨው በጨለማ ነውና። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰማዩ የማይጨልም መሆኑ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የሄደ ሰው የሰሜን ብርሃንን ወይም አውሮራን የማየት ተስፋ አይኑረው።

ታኅሣሥን የሚመርጡም አሉ። ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ገደማ በትሮምሶ ፀሐይ አትወጣም። የዋልታ ሌሊት ሲባል ድፍን ጨለማ ለሚመስለው ግን፣ በታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ከአድማስ በታች የምትሆነው በ3 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊ ወጋገን ይኖራል። ውበቱ አያከራክርም። ሆኖም ተራራውንና ባሕሩን እየዞሩ ለማየት የሚበቃ ቀን አይገኝም።

መጋቢት ሁለቱንም ይሰጣል። በመጋቢት 11 ገደማ ቀንና ሌሊት በመላው ዓለም ይተካከላሉ፤ ትሮምሶም አዲስ አበባም 12 ሰዓት ያህል ቀንና 12 ሰዓት ያህል ሌሊት ያገኛሉ። እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። በአዲስ አበባ በዓመቱ አጭር ቀንና በዓመቱ ረጅም ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በመጋቢት አጋማሽ አንዱ ቀን ከቀዳሚው የሚረዝመው በ30 ሴኮንድ ያህል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በትሮምሶ ግን በዚያው ሰሞን ቀኑ በየዕለቱ 8 ደቂቃ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ በዓመት ውስጥ የምናየው ለውጥ ሁሉ በዚያ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሄደ ተማሪ የእጅ ሰዓቱን ይዞ የፀሐይ መውጫና መጥለቂያን ቢመዘግብ፣ የምድርን ዘንግ ማዘንበል በራሱ መረጃ ሊያሰላ ይችላል። በሐምሌ መጀመሪያ የሚመዘገብ መውጫም መጥለቂያም የለም።

በነገራችን ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከንጋት የሚነሣው፣ ንጋት ቦታውን በማይለቅበት አገር ስለምንኖር ነው። አንድ የትሮምሶ ሰው ሰዓቱን ከንጋት ልቁጠር ቢል በግንቦት መጨረሻ መነሻው ይጠፋበታል። በመጋቢት 11 ሰሞን ግን የእኛ አቆጣጠር ለእርሱም ይሠራለታል።

ወደ አውሮራ እንመለስ፤ የዚህ ሙግት ዋና ክብደት ያለው እዚያ ነውና። የፀሐይ ነፋስ የሚባለው የኤሌክትሮኖችና የፕሮቶኖች ፍሰት የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ፣ በመስኩ መስመሮች የሚመሩ ኤሌክትሮኖች ወደ ከባቢ አየር ይወርዳሉ። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ የኦክስጅን አቶሞች 557.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ይኸው ኦክስጅን 630.0 ናኖሜትር የሆነውን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ቀዩ ከላይ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው? ቀዩን የሚሰጠው አቶም ብርሃኑን እስኪለቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በታችኛው ወፍራም አየር ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከሌላ ቅንጣት ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ያጣል። አረንጓዴው ግን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚለቀቅ ያመልጣል። በሁለት ቀለማት መካከል ያለው ወሰን የከባቢ አየርን ጥግግት ያሳያል ማለት ነው፤ ይህን ያለ መሣሪያ በዓይን ማንበብ የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ኖርዌጂያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርኬላንድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባዶ ክፍል ውስጥ መግነጢሳዊ ሉል ሰቅሎ አውሮራን በትንሹ ለመሥራት ሞክሯል። በመስኩ መስመሮች የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል ያለው ሐሳቡ ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሳተላይት ተረጋግጧል። ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የመግነጢስ ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ አረንጓዴው አውሮራ በሚበራበት ከፍታ ግድም በእኛም ራስ ላይ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት የሚባል ጅረት ቀን ቀን ይፈሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መግነጢሳዊ መስኩን የሚለካውም ለዚህ አመቺ በሆነ ቦታ ላይ ነው። የእኛ ጅረት ለዓይን አይታይም፤ የእነርሱ ይታያል።

መጋቢት ከሌሎች የጨለማ ወራት የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው ወራት የምድር መግነጢሳዊ መናወጥ እንደሚበዛ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታውቋል። በ1973 ክሪስቶፈር ራስልና ሮበርት ማክፈሮን ምክንያቱን በፀሐይ ነፋስ መስክና በምድር መግነጢሳዊ ዘንግ መካከል ካለው አቀማመጥ ጋር አያይዘው አብራርተዋል። የፀሐይ 11 ዓመት ገደማ የሚፈጀው ዑደት ከፍተኛ ወቅት ላይ መድረሱ የተነገረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቁልቁል በሚወርድባቸው ቀጣይ ዓመታትም አውሮራ አይጠፋም።

ተቃዋሚዬ «መስከረምስ?» ሊል ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው፤ መስከረምም ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት፣ ቅጠሉም የሚቀላበት ወር ነው። ነገር ግን በትሮምሶ ዝናቡ ወደ ከፍተኛው መጠን የሚያመራው በዚያ ሰሞን ነው፤ ደመና ከሸፈነው ሰማይ በታች ምንም ዓይነት አውሮራ አይረዳም። በረዶም ገና አልጣለም። በመጋቢት ግን ምድሪቱ ነጭ ናት፤ አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ይረጨዋል፤ ጥቁር መነጽር ሳይዙ መሄድ ሞኝነት ነው። የበረዶው ጥልቀት ከመጋቢት አልፎ ይዘልቃል፤ በትሮምሶ የተመዘገበው ከፍተኛው 240 ሳንቲ ሜትር የተለካው በሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር።

ብርዱን በተመለከተ ወሬው ከእውነቱ ይበልጣል። በ67 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ ላይ ባለችው የሳይቤሪያዋ ቬርኮያንስክ የጥር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከእርሷ ይበልጥ ወደ ሰሜን ባለችው ትሮምሶ ግን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞቃቱ የአትላንቲክ የባሕር ፍሰትና በላዩ የሚነፍሰው ነፋስ የሠሩት ልዩነት ነው። ወደቡ አይረጋም። ይኸው ለዘብተኛ ብርድ በሎፎተን ደሴቶች ሌላ ነገር ያሳያል፦ ከጥር እስከ ሚያዝያ ከባረንትስ ባሕር ለመራባት የሚመጣው ኮድ የተባለ ዓሣ እየተጠመደ፣ ያለ ጨው በእንጨት ርብራብ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ሙቀቱ ከዜሮ ብዙ ቢያንስ ሥጋው ይሰነጠቃል፣ ብዙ ቢበልጥ ይበሰብሳል። የእኛን ቋንጣ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

እንግዲህ የሚቀረው አስተዳደራዊ ጣጣ ነው። መጋቢት የትምህርት ወቅት መሃል ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይላል፤ መምህራንም ሊከለክሉ አይገባም ባይ ነኝ። የአውሮፓውያን ፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ኖርዌጂያውያን ወደ ተራራ ስለሚወጡ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ማረፊያም ይጠባል፤ ከዚያ ሳምንት በፊት መድረስ ይበጃል። ለቪዛም ቢሆን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያውያንን ማመልከቻ የማየቱ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲራዘም መወሰኑ ይታወሳል፤ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊገባ ስለሚችል፣ መጋቢትን ያሰበ ተማሪ ወረቀቱን ማሰባሰብ ያለበት ከመስከረም ጀምሮ ነው።