የጡትን ቀዶ ጥገና የለወጡ ሐኪም

የጡት ካንሰር ሲነሳ ብዙ እናቶች ከበሽታው ይልቅ ቢላውን ይፈራሉ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት «ይቆርጡኛል» ብለው እብጠቱን በነጠላቸው ሸፍነው ወራት ያሳለፉ ሴቶች አይቻለሁ። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

አሜሪካዊው ዶክተር በርናርድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1918 ፒትስበርግ ተወለዱ፤ በ1943 እዚያው በሕክምና ተመረቁ። በዚያን ጊዜ የጡት ካንሰር የሚታከመው ዊልያም ሃልስቴድ የተባሉ ስመ ጥር ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባስፋፉት ዘዴ ነበር። ጡቱ ብቻ ሳይሆን የደረት ጡንቻውና የብብት ንፍፊቶቹም አብረው ይወጣሉ። ደረት ይጎደጉዳል፣ ክንድ ያብጣል፣ ልብስ ማስጣትና ልጅ ማንሳት ፈተና ይሆናል። ካንሰር ከቦታው ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ስለሚስፋፋ በሰፊው የቆረጠ ይቀድመዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ፊሸር ይህን ተጠራጠሩ። የካንሰር ሴል ገና ከጅምሩ በደም ሊሰራጭ ከቻለ ጡንቻ መጨመሩ ምን ይፈይዳል? በክርክር ብቻ አላቆሙም። በ1971 ከ1,600 በላይ ሴቶች በዕጣ ተመድበው፣ ከፊሎቹ በአሮጌው ዘዴ፣ ሌሎቹ ጡንቻቸው ሳይነካ ታከሙ። በሕይወት በመቆየት ልዩነት አልታየም። በ1976 ደግሞ እብጠታቸው ከ4 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ከ1,800 በላይ ሴቶች ገቡ። ለአንዳንዶቹ ጡቱ በሙሉ፣ ለሌሎቹ እብጠቱና ዙሪያው ብቻ ወጣ። ከ20 ዓመት በኋላም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ነበር።

እኔን ከሐኪሙ ይልቅ የሚደንቁኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ሕክምናዬን ዕጣ ይወስነው ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቻቸው ብዙ ተቃወሟቸው። በ1994 ደግሞ በጥናቱ የተሳተፈ አንድ የሞንትሪያል ሐኪም መረጃ አጭበርብሮ መገኘቱ ሲጋለጥ ፊሸር ከጥናቱ መሪነት ተነሱ። የዚያ ሰው መረጃ ወጥቶ እንደገና ሲሰላ ግን ውጤቱ ያው ሆነ፤ በ1997 ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቃቸው። በ2019 በ101 ዓመታቸው አረፉ።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። እብጠቱ ብቻ ሲወጣ የጨረር ሕክምና ይከተላል። በዚያው ጥናት ጨረር ካልወሰዱት ከ100 ወደ 39 በሚሆኑት፣ ከወሰዱት ግን በ14ቱ ገደማ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ ተመልሷል። በአገራችን ጨረር ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ሐኪሙ «ጡቱ ይነሳ» ቢል ከጭካኔ አይቁጠሩት፤ እብጠቱ ትልቅ ከሆነም እንዲሁ ሊል ይችላል። ግን ምክንያቱን ይጠይቁ፣ ጨረር የት እንደሚገኝም ይጠይቁ። እናትዎ «አያመኝም እኮ» ቢሉም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም።