ቀመር ስለ ፈቀደው መርከብ

በስበት ኃይል ኅዋን አጥፎ፥ ብርሃንን ቀድሞ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያደርስ መርከብ ይሠራል የሚለው ተስፋ፥ ከልብ ወለድ ደራሲዎችና ከሲኒማ ሠሪዎች እጅ ወጥቶ በሊቃውንት መጽሔት ከታተመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ሰው፥ የተማረውም ጭምር፥ ‹የአንስታይን ትምህርት ፈቅዶታል፤ የቀረው የመሐንዲስ ሥራ ነው› ሲል ይሰማል። ምኞቱን የሚነቅፍ ልብ የለኝም፤ በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከምድር የተነሣችው ቮዬጀር 1፥ በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እየገሠገሠች፥ ለፀሐያችን ጎረቤት የሆነውንና 4.24 የብርሃን ዓመት የሚርቀውን ኮከብ ያህል ርቀት ለመጨረስ ከሰባ ሺህ ዓመት በላይ እንደሚያስፈልጋት የሰማ ሰው፥ አቋራጭ ቢመኝ አይፈረድበትም። የምቃወመው ያ ‹ፈቅዶታል› የተባለው ነገር እንደ ማስረጃ መቆጠሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1994 ሚጌል አልኩቢዬሬ የተባለ ሜክሲኳዊ የፊዚክስ ሊቅ፥ በዌልስ በካርዲፍ ሳለ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፥ ከመርከቡ ፊት ያለው ኅዋ የሚጨማተርበትን፥ ከኋላው ያለው የሚዘረጋበትን፥ መርከቡም በመካከል እንደ አረፋ ባለ ስፍራ ዐርፎ ሳለ ከነአረፋው የሚወሰድበትን የኅዋና የጊዜ ቅርጽ በቀመር ጻፈ። በአረፋው ውስጥ ያለው መንገደኛ በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ከቶ አይቀድምም፤ እንኳንስ ፍጥነቱ፥ መነሣቱም አይሰማውም፤ ስለዚህ ከብርሃን የሚፈጥን የለም የሚለው ሕግ በቅርብ ሲመለከቱት አልተጣሰም። የአሳቡን ረቂቅነትና ውበት የማያደንቅ ቢኖር፥ ጽሑፉን ያላነበበ ነው።

ነገር ግን አንስታይን በ1915 የደረሰበት ቀመር ሁለት ወገን አለው፤ በአንደኛው ወገን ግዙፉ ፍጥረትና ኃይሉ፥ በሌላው ወገን የኅዋና የጊዜ መጉበጥ ይቆማሉ። የቀደሙት ሊቃውንት በተፈጥሮ ያለውን፥ የፀሐይን ክብደት ይዘው መጉበጡን ፈለጉ፤ በዚህም መንገድ የአጣርድ ኮከብ ምሕዋር ራሱ ለምን ቀስ በቀስ እንደሚዞር ተገለጠላቸው፤ የከዋክብትም ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ አስቀድመው አስልተው፥ በ1919 ፀሐይ በጨለመች ጊዜ በመሣሪያ ተመለከቱት። አልኩቢዬሬ ግን በተገላቢጦሽ ሄደ፤ የወደደውን መጉበጥ አስቀድሞ መረጠና፥ ያንን የሚያስገኘው ፍጥረት ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው ቀመሩን ጠየቀ። እንዲህ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በዚህ በኩል ሲጠየቅ ቀመሩ እምቢ የሚለው ቅርጽ የለም፤ የፈለጉትን ቢጽፉለት ‹ለዚህ የሚያስፈልገው ይህ ነው› ብሎ ይመልሳል። ጎተራውን ከፍቶ ሳያይ ለሺህ ሰው ድግስ የሚሆነውን ጤፍና ቅቤ በወረቀት የቆጠረ ሰው፥ ሒሳቡ ስለ ሰመረለት ድግሱ ተደገሰ ይባላልን? ሁሉን የሚፈቅድ ፈቃድ ደግሞ ለአንዱ ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለዚህ መርከብ የወጣው የሒሳብ ዝርዝር፥ ከምንም በታች የሆነ ኃይል፥ ማለት አሉታዊ ኃይል ይጠይቃል። ደራሲው ራሱ ይህን በጽሑፉ ሳይሸሽግ ገልጧል፤ የሸሸጉት ከእርሱ በኋላ የተነሡት አዋጅ ነጋሪዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሲጠየቁ፥ በ1948 ሆላንዳዊው ካሲሚር ወደ ተነበየውና በሁለት ሳሕኖች መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ወደሚገኘው ረቂቅ መሳሳብ ይጠቁማሉ። ያ እውነት ነው፤ ተለክቷልም፤ ነገር ግን በዚያ ጠባብ ክፍተት ያለው ጉድለት እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ፥ የሳሕኖቹ ክብደት ሲደመርበት እንደሌለ ይሆናል። በ1997 ፌኒንግና ፎርድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ የጥቃቅኑ ዓለም ሕግ በአሉታዊ ኃይል ላይ የጣለውን ወሰን ይዘው፥ የአረፋው ራዲየስ መቶ ሜትር ቢሆን ስንት እንደሚፈጅ ቢያሰሉ፥ ከሚታየው ዓለም ሁሉ ክብደት በአሥር ቢሊዮን እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤልጂጋዊው ቫን ዴን ብሩክ፥ አረፋውን በውጭ ከአቶም ያነሰ፥ በውስጥ ግን ሰፊ አድርጎ፥ ሒሳቡን ወደ ጥቂት ፀሐዮች ክብደት አወረደው፤ በ2012 ገደማ ደግሞ የናሳው ሃሮልድ ዋይት ወደ 700 ኪሎ ግራም ያህል ዝቅ እንደሚል ተናገረና ጋዜጦች ወሬውን አናፈሱት። ዋጋው ቀለለ ብሎ ደስ የሚለው ሰው፥ የዕቃው ዓይነት አለመለወጡን ልብ አላለም፤ አንድ ግራም ስንኳ ተሰብስቦ በእጅ ገብቶ ከማያውቅ ነገር ሰባት መቶ ኪሎ መጠየቅ ምን ማቃለል ነው?

ዕቃው ተገኘ እንበል። ሩሲያዊው ክራስኒኮቭ እንዳመለከተው፥ አረፋው ብርሃንን በቀደመ ጊዜ ከመርከቡ የሚላክ ምልክት ወደ አረፋው ፊተኛ ግድግዳ አይደርስምና፥ ነጂው መሪ የለውም፤ መንገዱን አስቀድሞ ከብርሃን ዘግይቶ የሚሄድ ሌላ ሰው ካላሰናዳለት በቀር ሊነሣም ሊቆምም አይችልም። በ1996 ኤቨረት የተባለ ሊቅ እንዳሳየው ደግሞ፥ ሁለት እንዲህ ያሉ አረፋዎች ቢቀናጁ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ይመለሳል፤ ምክንያትና ውጤት ይዘባረቃሉ።

‹አውሮፕላንም አይበርም ተብሎ ነበር› የሚለው መልስ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአየር የሚከብድ ነገር እንደሚበር ከራይት ወንድማማቾች በፊት ወፍ ሁሉ ይመሰክር ነበር፤ ከብርሃን ለመቅደም ግን ከፍጥረት ወገን ምስክር የቆመ የለም። ስበትም ራሱ፥ ተስፋ የተጣለበት፥ ከብርሃን ጋር እኩል እንደሚጓዝ ታይቷል፤ ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ተጋጭተው የላኩት የስበት ሞገድ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ተጉዞ በነሐሴ 2017 ሲደርስ፥ ከግጭቱ የወጣው የጋማ ብርሃን በ1.7 ሴኮንድ ብቻ ተከትሎት ደረሰ። የሞገድ ጉዞና የአረፋ ጉዞ አንድ ስላይደሉ ይህ ብቻውን ሙግቱን አይቆርጥም፤ ያም ሆኖ በስበት የሚማል ሰው የስበትን ጠባይ ቢያውቅ አይጎዳም።

በ2021 ኤሪክ ሌንትስ ያለ አሉታዊ ኃይል ከብርሃን የሚቀድም አረፋ አገኘሁ ብሎ ነበር፤ ማት ቪሰርና ባልንጀሮቹ ግን ነገሩን መርምረው፥ የዚህ ወገን ቅርጾች ከዚያ ዕዳ እንደማያመልጡ በጽሑፍ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ቦብሪክና ማርቲሬ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት አሳብ ከሁሉም የረጋው ነው፤ እውነተኛ በሆነ ፍጥረት ሊሠራ የሚችለው አረፋ ከብርሃን የሚዘገየው ብቻ እንደሆነ ገለጡ፤ እርሱም ቢሆን ከባድ ቅርፊት እንጂ ሞተር ስላልሆነ፥ ከቆመበት ለመነቃነቅ እንደ ማንኛውም መንኮራኩር የሚገፋው ሌላ ኃይል ይሻል።