ከማን ሰማሽ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ በዚህ ወር የምንነጋገረው በስልክ ስለምንቀባበለው ወሬ ነው። ስልክ ኃጢአት ነው ልላችሁ አይደለም። የእናትን ድምፅ የሚያሰማችሁ፣ የበዓሉን ማኅሌትና ቅዳሴ እስከ ማድ ቤት የሚያደርስላችሁ እርሱ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ሰው ማግኘት ለማትችል እኅት የዋትስአፕና የኢሞ ግሩፕ መንደሯ ነው። ነገር ግን በዚያ በር የሚገባው ሁሉ እውነት አይደለም።

ሌሊት ሥራ ጨርሳችሁ ጋደም ስትሉ ምን ምን ይደርሳችኋል? «ምሕረት ተከፍቷል፤ ኢቃማ የሌላችሁ ሳትቀጡ ትወጣላችሁ፤ ፍጠኑ» የሚል አለ። «ይህን ቅጠል ከማር ጋር የጠጣ ከስኳር በሽታ ይድናል፤ ለእናትሽ ላኪላት» የሚል አለ። «ይህን የእመቤታችንን ሥዕል ለ12 ሰው ያልላከ በ3 ቀን ክፉ ያገኘዋል» የሚልም አለ። የላከችላችሁ ጠላት አይደለችም፤ የምትወዳችሁ ጓደኛ ናት። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የወዳጅ ስም ስናይ ልባችን ያምናል። እርሷ ግን በዓይኗ አላየችም፤ ከአክስቷ ልጅ ተቀበለች፤ የአክስቷ ልጅም ከማታውቀው ሰው ተቀበለች። በስልኩ ላይ የምናየው ስም የመጨረሻዋ ተሸካሚ ስም እንጂ የምስክር ስም አይደለም። ያው መልእክት ከአምስት ሰው ሲደርሰን ደግሞ አምስት ምስክር የቆመ ይመስለናል፤ ምንጩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ግሩፑ ዝግ ቤት ስለ ሆነ ከውጭ ያለ ዐዋቂ አይቶ አያርመውም፤ በውስጥ ያለችውም ሐሰት መሆኑን እያወቀች በይሉኝታ ዝም ትላለች።

በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ዜማ ወይም ትርጓሜ ዐውቃለሁ ብሎ ሲመጣ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መምህሩን መጥራት ያልቻለ ሰው ድምፁ ቢያምር፣ ቃሉ ቢጣፍጥ አይታመንም። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን እንዲሁ አስጠንቅቋል። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል፣ ከእርሱ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ቢመጣ ቶሎ እንዳይናወጡ ነገራቸው (2ኛ ተሰ. 2፥2)። በመልእክቱ መጨረሻም ሰላምታውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ የእርሱ ደብዳቤ የሚታወቅበት ምልክት ይህ መሆኑን አስታወቃቸው (3፥17)።

«ፎቶው አለ፣ ቪዲዮው አለ» ትሉ ይሆናል። የገባዖን ሰዎችም ማስረጃ ይዘው ነበር። ጎረቤት ሳሉ ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ያረጀ ጫማ ተጫምተው፣ የተቀደደ አቁማዳ ጭነው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው ወደ ኢያሱ መጡ። እንጀራው በእውነት የሻገተ ነበር፤ ታሪኩ ግን ሐሰት ነበር። እስራኤል እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ማሉላቸው፤ እውነቱን የሰሙት ከ3 ቀን በኋላ ነው (ኢያ. 9፥3-16)። ዛሬም ቪዲዮው እውነተኛ ሆኖ የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ይህ በኑሯችሁ ላይ የሚያደርሰውን እዩ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 የ90 ቀን ምሕረት ዐውጃ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2024 ከሴፕቴምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ምሕረት ሰጥታ ነበር። እነዚህ እውነተኛ ነበሩ፤ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን፣ ያወጃቸውም መንግሥት ነበራቸው። ቀናቸው አልፎ ተዘግተዋል። የዚያን ጊዜው ቪዲዮ ግን በስልክ ላይ አይዘጋም፤ ቀኑ ተቆርጦ እንደ ገና ሊዞር ይችላል። ይህን አይታ ከማዳሟ ቤት ሌሊት የወጣች እኅት «ሁሩብ» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። ሕጋዊ የነበረችው ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ ያልተቀበለችው ደመወዝም እዚያው ይቀራል። የምትደበደብ ወይም ደመወዟን የተከለከለች ዝም ብላ ትቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ ወደ ኤምባሲያችን ወይም ወደ ቆንስላችን ትደውል። ሕይወቷን ግን ባለቤት በሌለው መልእክት ላይ አትጣል።

የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ በኮሮና ጊዜ፣ በኢራን አልኮል መጠጣት ከበሽታው ያድናል የሚል ወሬ በስልክ ተሠራጨ። ሜታኖል የሚባለውን መርዛማ አልኮል ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ወሬውን ካስተላለፉት መካከል ለወገናቸው አዝነው የላኩ አይጠፉም። እናታችሁ የሐኪም መድኃኒቷን እንድትተው የሚያደርግ ነገር ከመላካችሁ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ።

«ለ12 ሰው ላኩ» ስለሚለው ደግሞ እንደ ካህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን በእንዲህ ያለ ማስፈራሪያ አታስጨንቅም። እመቤታችን የምሕረት እናት ናት፤ መልእክት አላስተላለፈችም ብላ ደክሟት የተኛችን ልጅ አትቀጣም። አጥፉት፤ ምንም አትሆኑም።

አባቶቻችን መርዶ ሲያረዱ ሥርዓት ነበራቸው። ሞቱ ይረጋገጣል፤ ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ማልደው ሄደው ይናገራሉ። ዛሬ ግን «ወንድሟ ሞቷል አሉ» የሚል ቃል በሰው አገር ብቻዋን ብረት ድስት ስታጥብ ይደርሳታል፤ ሞተ የተባለውም በሕይወት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ሲደርሳችሁ ለእርሷ ከመላክ በፊት ወደ ቤተሰቧ ደውሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? መልእክት ሲመጣ «ከማን ሰማሽ?» በሉ። ራሴ አየሁ የሚል ካልተገኘ ከእናንተ ዘንድ ይቁም። በዋትስአፕ መልእክት ላይ አንድ ቀስት ካያችሁ ከሌላ የተላለፈ ነው፤ ሁለት ቀስት ካለ ቢያንስ 5 ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የመጣ ነው። ስለ ምሕረትና ስለ ኢቃማ ኤምባሲውን፣ ስለ በሽታ ሐኪምን፣ ስለ ሃይማኖት የንስሓ አባታችሁን ጠይቁ። የተሳሳተችውን እኅት በግሩፑ ፊት አታሳፍሯት፤ ለብቻዋ ንገሯት። ሐሰት ሳታውቁ አስተላልፋችሁ ከሆነ ግን ወደዚያው ግሩፕ ተመልሳችሁ «ያ ነገር እውነት አይደለም» በሉ። የሰረቀ እንደሚመልስ፣ ይህም የአንደበት ንስሓ ነው።

በሕገ ኦሪት እግዚአብሔር የከለከለው ሐሰት መፍጠርን ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ወሬ መቀበልንም ነው (ዘጸ. 23፥1)። አንድ መልእክት ሲተላለፍ ምስክርነት ይሰጣል። ጣታችሁ ከመንካቱ በፊት ልባችሁ ይጠይቅ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት በስደት ምድር አይለያችሁ። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።