«ሰው ሲጎድል እንደውልልሃለን»



ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ካርድ ክፍል በጥሪ እሠራ ነበር። ሰው ሲጎድል ይደውላሉ፤ እኔም ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እወጣለሁ። አንድ ቀን ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ሒሳቤን ስጠይቅ «በስንት ተስማምታችሁ ነበር?» ተባልኩ። በምንም አልተስማማንም ነበር።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። መድረሳ ኢጃራን ስንቀራ ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ተምሬያለሁ። አፍሬ ነው ያልጠየቅኩት።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓትም በመደበኛው ክፍያ 1.75 እጥፍ ይታሰባል።

«ተማሪ ምን መደራደር አለው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የጥሪ ሥራ ይመቸናል፤ ፈተና ሲደርስ አልችልም ማለት እንችላለን። እነሱ ግን ከናካቴው አለመደወል ይችላሉ። ስለዚህ እሺ ከማለታችን በፊት ስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደሚከፈል እንጠይቅ፤ መልሱንም በቴክስት እናስልክ።

እሺ ካልን ደግሞ እንገኝ። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ተረኛውን እየጠበቀ ነው፤ የእሱም ሐቅ አለብን።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን።