«የለም» የሚለውን በጽሑፍ ስጡን

በትንሽ ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከደንብም ከመመሪያም የሚበልጥ ሥልጣን ያለው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ነው፦ «የለም»። ፋይሉ የለም። ኃላፊው የሉም። ማኅተም የያዘው ሰው የለም። መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ቃሉ የሚነገረው በአፍ ነው። ቀን አይጻፍበትም፣ ቁጥር አይሰጠውም፣ ፊርማ አያርፍበትም። ስለዚህም ይግባኝ አይባልበትም። ባለጉዳዩ ሰምቶ ይመለሳል፤ በማግሥቱ መጥቶ ያንኑ ይሰማል። ከወር በኋላ «መቼ መጣህ? ማን የለም አለህ?» ቢባል የሚያሳየው አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለውም።

ስለ መልካም አስተዳደር ብዙ ተሰብስቧል፣ ብዙ አበል ተበልቷል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተባለ፤ የዜጎች ቻርተር ተባለ፤ አሁን ደግሞ ዲጂታል ተብሏል። ከዚህ ሁሉ በፊት መቅደም የነበረበት አንድ ተራ ነገር ግን እስካሁን አልተደረገም። እሱም «የለም» የሚል ሁሉ ቃሉን ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ፣ ቀን ጨምሮበት እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ደብረ ታቦርን ተመልከቱ። በአንዲት ከተማ ውስጥ ሦስት አስተዳደር ተቀምጧል፦ የከተማው አስተዳደር፣ የፋርጣ ወረዳ እና የደቡብ ጎንደር ዞን። ለሠራተኛው ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ከጉና ግርጌ በሌሊት ተነሥቶ፣ ብርዱን በጋቢ ተከላክሎ ለመጣ ገበሬ ግን ሁሉም «መንግሥት ቤት» ነው። አንዱ በር ላይ «ይሄ የወረዳ ጉዳይ ነው» ይባላል፤ ወረዳው «ቦታው ወደ ከተማ ተካልሏል፣ ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ» ይለዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ «ከወረዳ ተጽፎ ይምጣ» ይላል። ዞን ቢሄድ «ከታች ጨርሰህ ና» ነው። ሦስቱም እንደየድርሻቸው እውነት ተናግረው ይሆናል። የሰውየው ፋይል የት እንዳለ የነገረው ግን የለም።

የሰነዱ መጥፋት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስንፍና ብቻ አይደለም። የአስተዳደር ወሰን በተቀያየረ ቁጥር ወረቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ዛሬ ደቡብ ጎንደር የሚባለው አገር በንጉሡ ዘመን በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በደርጉ ዘመን ደግሞ በጎንደር ክፍለ ሀገር ስር ነበር፤ መናገሻው ጎንደር ከተማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ የአውራጃ ከተማ ነበረች። ከዚያ ክልል መጣ፣ ዞን መጣ፣ ወረዳ ተሰነጠቀ። ጉና በጌምድር ከፋርጣ ተከፍሎ መቀመጫውን ክምር ድንጋይ ላይ አደረገ። ከተማ ሲሰፋ ደግሞ በገጠር መሬት አስተዳደር የተመዘገበው ማሳ በከተማ ቦታ ሕግ ስር ይወድቃል፤ በ1990ዎቹ የተሰጠው የይዞታ ደብተር በአንዱ ቢሮ፣ ካርታ የሚጠየቅበት ሌላ ቢሮ ይሆናል። ወሰን በአዋጅ ይንቀሳቀሳል። ፋይል ግን እግር የለውም፤ ተሸካሚ፣ አስረካቢና ተረካቢ ይፈልጋል። የርክክብ ሰነድ በሌለበት «እኛ ጋ አልደረሰም» እና «እኛ አስረክበናል» የሚሉ ሁለት ቢሮዎች እድሜ ልክ ሲከራከሩ ባለይዞታው መሐል ላይ ይደርቃል።

እዚህ ላይ «ሕጉስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሕጉ ግሩም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መብቱን ወደ አሠራር ያወርደዋል። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። ጥያቄውን በቃል ቢያቀርብ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ግዴታው የሹሙ ነው። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል። የሚከለከል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል። ያልተስማማ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል።

አዋጁ «የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት» የሚል ስም ስለተሰጠው ብዙ ሰው የጋዜጠኛ ሕግ ይመስለዋል። አይደለም። የሚዲያውን ክፍል በኋላ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተክቶታል፤ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ግን እንዳለ ቀጥሏል። የእስቴ ገበሬም፣ የእብናት ነጋዴም፣ የወረታ ተማሪም ሕግ ነው። ቀበሌውም፣ ወረዳውም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ይገዙበታል። ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ሕግ በስንት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? የሠላሳ ቀኑን ገደብ የሚያውቅ ባለጉዳይስ ስንት ነው?

ሕጉ የሚፈርሰው በግልጽ በመከልከል አይደለም፤ በአፍ በመመለስ ነው። ማመልከቻው ገቢ ካልሆነ ሠላሳው ቀን አይጀምርም። ክልከላው ካልተጻፈ ይግባኙ መነሻ አያገኝም። በአፍ የሚነገር «የለም» አዋጁን አንድ ቃል ሳይሽር ያደርቀዋል።

የተጻፈ «የለም» ለባለጉዳዩ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2003 ይመልከት። ሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘው ውል ሰነዱ መውደሙ፣ መሰረቁ ወይም መጥፋቱ ካልተረጋገጠ በቀር በምስክር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። ቤቱን በውል የገዛ ሰው የእሱ ቅጂ ጠፍቶበት፣ ማኅደሩ ቢሮ ውስጥ አልተገኘ እንበል። ቢሮው «ይህ ሰነድ በእጃችን ነበረ፤ ጠፍቷል» ብሎ ቢጽፍለት፣ ምስክሮቹን ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆምበት ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። በአፍ «የለም» ብሎ ሲመልሰው ግን ሰነዱንም በሩንም ነሣው። ምስክሮቹ ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀጠሮ እየጠበቁ አይኖሩም። በያመቱ አንዳንዱ ሲያርፍ ማስረጃው አብሮ ይቀበራል።

ታዲያ ይህን አንዲት መስመር ጽፎ መስጠት ለምን ከበደ? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። የተጻፈ «የለም» ተጠያቂነት አለው፤ ያልተጻፈው ደግሞ ገበያ አለው። ጠዋት የጠፋው ፋይል ከሰዓት በኋላ በደላላ እጅ ሲገኝ ያላየ ማን አለ? በጽሑፍ «የለም» ያለ ሠራተኛ ነገ «ተገኘ» ሲል ይጠየቃል። በአፍ ያለው ግን «በደንብ ስንፈልግ አገኘነው» ይላል። ጉዳይ ገዳዩ የሚሸጠው ሰነዱን አይደለም፤ ሰነዱ ያለበትን መደርደሪያ ማወቁን ነው። የመዝገቡ ዝርዝር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ይህ ንግድ ይከስራል።

ከቢሮዎቹ በኩል የሚመጡ ሦስት መልሶች አሉ። ሦስቱም ክብደት ስላላቸው አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ጦርነቱ ነው። እውነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላይ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ግጭት ብዙ የገጠር መሥሪያ ቤት አዘግቷል፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ይህን ያልኖረ አይፍረድ። ግን ጦርነት የሚያስከትለው ግዴታ ተቃራኒውን ነው። የተቃጠለው ተለይቶ ይመዝገብ፤ የተረፈው ይቆጠር፤ ለተቃጠለበት ሰው ማረጋገጫ ይሰጠው። «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል በአፍ ብቻ ሲነገር በእሳት የጠፋውና በደላላ የተሸሸገው ፋይል ይደባለቃሉ። ጦርነት የእውነተኛ ተጎጂ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የሌባ መሸሸጊያ ይሆናል።

ሁለተኛው «ሁሉም ወደ ዲጂታል እየገባ ነው» የሚል ነው። የዲጂታል መታወቂያው ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ወጥቷል፤ ፋይዳ በየከተማው እየተመዘገበ ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተመርቋል። ይበል። ኮምፒውተር ግን ያልሰጡትን አያወጣም። ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ አባቱ የተወውን ቦታ ወሰን አይናገርም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ ፓስፖርት ለማውጣትና ውርስ ለመካፈል የሚሰለፈው ትውልድ ከዚያ በፊት የተወለደው ነው። የእሱ ማስረጃ ያለው በክርስትና ካርድ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ነው። ያ ወረቀት ሳይለቀም የሚገዛ ማሽን «ፋይሉ የለም» የሚለውን ወደ «ሲስተም የለም» ከመቀየር ያለፈ ሥራ የለውም።

ሦስተኛው የሠራተኛው ችግር ነው። ደመወዙ የኑሮ ውድነቱን አይችልም፤ መደርደሪያው ጠቧል፤ አይጥና ርጥበት ወረቀቱን ይበሉታል። ይህም ልክ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ለሠራተኛውም ይበጃል። «መደርደሪያ ስለሌለ በዚህ ወር 40 ጥያቄ መመለስ አልቻልንም» ብሎ የጻፈ መዝገብ ቤት በጀት የሚጠይቅበት ማስረጃ አለው። በአፍ ሲመልስ የዋለ ሠራተኛ ግን ድካሙም አይታይለት፣ ስድቡም አይቀርለት።

ይህ ሁሉ ለዚህ አገር ባዕድ ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥና ሲወረስ በየደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፦ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዳኛው፣ የምስክሮቹ ስም ዝርዝር። የአገሩ ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያለው እንዲሁ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ወሰዱ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ ካታሎጋቸው ታትሞ ወጣ። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ በቁጥር ተቀምጠዋል። የዘረፋው በደል በካታሎግ አይሰረይም። ውርደቱ ግን ሌላ ነው፦ የ250 ዓመት የጎንደር መሬት ሽያጭ ለንደን ላይ በቁጥር ተጠርቶ ሲወጣ፣ የ20 ዓመት የፋርጣ ይዞታ ፋይል ደብረ ታቦር ላይ አይገኝም።

ሌላውም አገር ከዚህ ችግር የወጣው በሀብት አልነበረም። በህንድ ራጃስታን የቀን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን አሳዩን ብለው ተነሡ። በየመንደሩ አደባባይ ሲነበብ ያልሠሩና የሞቱ ሰዎች ስም ተገኘበት። መፈክራቸው «ገንዘቡ የኛ፣ ሒሳቡም የኛ» የሚል ነበር። ትግሉ እ.ኤ.አ. በ2005 አገራዊ የመረጃ መብት ሕግ ወለደ። የዚያም ሕግ ገደብ እንደ ኢትዮጵያው 30 ቀን ነው። ጥርሱ ያለው ቅጣቱ ላይ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ሹም በየቀኑ 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ፣ ከገዛ ኪሱ ይከፍላል።

ስለዚህ ከደብረ ታቦር ጀምሮ በየወረዳው የሚጠየቀው ሕንፃ አይደለም፤ አራት ነገር ነው።

አንድ፦ ማመልከቻ ሁሉ ገቢ ይሁን፤ ባለጉዳዩ ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይያዝ።

ሁለት፦ «የለም» የሚል መልስ ሁሉ በጽሑፍ፣ በስምና በፊርማ ይሰጥ። የጠፋው «ጠፍቷል»፣ የተቃጠለው «ተቃጥሏል»፣ ያልተፈለገው «አልፈለግነውም» ይባል።

ሦስት፦ መሥሪያ ቤቱ የትኛውን መዝገብ፣ ከየት ዓመት እስከ የት ዓመት እንደያዘ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፍ። ወሰን ሲቀየርም የርክክቡ ሰነድ አብሮ ይለጠፍ።

አራት፦ በየወሩ ስንት ጥያቄ እንደቀረበ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ስንቱ በስንት ቀን እንደተመለሰ ለምክር ቤቱም ለሕዝቡም ይነገር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቦን ወረቀት፣ አንድ መዝገብና ለመጻፍ የማይፈራ እጅ ነው። ይህን መፈጸም ያልቻለ አስተዳደር ስለ ስማርት ሲቲ ቢያወራ ማን ይሰማዋል?

ባለጉዳዩም ድርሻ አለው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጅ፤ አንዱን አስገብቶ በሌላው ላይ ገቢ ያስመታ። ጽሕፈት የማያውቁ እናት ቢሆኑ የሰፈር ተማሪ ይጻፍላቸው፤ ሕጉ በቃል የመጠየቅ መብታቸውንም ጠብቆላቸዋል። ቀኑን ይቁጠር፤ ሠላሳው ቀን ሲሞላ ለበላይ አካል፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ይጻፍ። «የለም» ሲባል አይቆጣ፣ አይለምን፣ ደላላ ፍለጋም አይውጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንዲት ነገር ብቻ ይበል፦ «እሺ፤ የለም ብለው ይጻፉልኝ።»