ለመምህሬ፦ «አይሠራም» ስላሉት ሕክምና

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ከማሽኑ በፊት በሽተኛውን ማየት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ አልክድም። ያለፈው የጆርናል ክለብ ግን ስላሳዘነኝ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን የሚመግበውን ማሽን፣ ኤክሞን፣ ስለፈተነው የኢዮሊያ ጥናት ሲጠየቁ «ፒ ቫልዩው 0.09 ነው፤ ኤክሞ አይሠራም» ብለው ወደ ሌላ ስላይድ አለፉ። ሬዚደንቶቹም እንዳሉት ጻፉ። በ2018 የታተመው ይህ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 249 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። በ60 ቀን ውስጥ ኤክሞ ከደረሳቸው 124 ሰዎች 44ቱ፣ የተለመደው ሕክምና ከደረሳቸው 125 ደግሞ 57ቱ ሞቱ። ከእነዚህ 125 ውስጥ 35ቱ ሁኔታቸው ሲከፋ ወደ ኤክሞ ተዛውረዋል። ጥናቱም ካሰበው ቁጥር ሳይደርስ ቆሟል። ከዚህ ሁሉ ለተማሪ የሚተርፈው «አይሠራም» ብቻ ነው?

0.09 የሚነግረን፣ ሕክምናው ምንም ባይጠቅም ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱን ዕድል ነው። አለመጥቀሙን አያረጋግጥም። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚያመኝም ይኸው ነው። አልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ውጤት ካየሁ በኋላ ሕክምናው የመጥቀሙ ዕድል ስንት ነው? በዚያው ዓመት ኢዋን ጎሊገርና ባልደረቦቹ ከቀዳሚ ግምት ተነስቶ በመረጃው በሚያስተካክለው የቤይዝ ስሌት መለሱት። ኤክሞን አጥብቆ ከሚጠራጠር ግምት ቢነሱ እንኳ ሞትን የመቀነሱ ዕድል 88 በመቶ ሆነ፤ ከበጎ ግምት ቢነሱ 99። ጥቅሙ ትልቅ ነው ለማለት ግን ስሌቱ አልደፈረም። እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በልኩ መናገር ይህ ነው።

«ቤይዝ የራስን እምነት ቁጥር ማልበስ ነው» ይሉን ነበር። እምነቱ እኮ በግልጽ ተጽፎ፣ ማንም እንዲሞግተው ቀርቧል። ውጤትን የምንቀበልበት የ0.05 ወሰንስ ቢሆን ሮናልድ ፊሸር በ1925 መጽሐፉ ያስለመደው የሰው ምርጫ አይደለምን?

ቅሬታዬ ከእርስዎም ያልፋል። የጽኑ ሕክምና ሙያችን በጥቂት መቶ ሕሙማን ላይ የተጋነነ ጥቅም ይጠብቃል፤ ያንን ሲያጣ ጥናቱን ይቀብረዋል። ኤክሞ ለእኛ ሩቅ ነው ይሉኝ ይሆናል። ይህ የንባብ ልማድ ግን በየቀኑ ስለምናዘው ፈሳሽና ስቴሮይድም ይፈርዳል።

እባክዎ ኢዮሊያን በሚቀጥለው ጆርናል ክለብ መልሰው ያቅርቡት። ከ0.09 ጎን 88ን እና 99ንም ይጻፉ፤ ሬዚደንቶቹም ማስታወሻቸውን ያርሙ።