ደረሰኝ ዋጋ አይሆንም

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ የቤት ገንዘብ ጉዳይም ነው።

ባለቤቴ ከእኔ ጋር ከመተዋወቁ በፊት የገዛት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ነበረችው። ባለ ስፖርት ቅርጽ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ድምጿ ከሰፈሩ መግቢያ የሚሰማ። የኋላ ወንበሯ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ለኋላ የሚሆን በርም የላትም። ሁለተኛ ልጃችንን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ፣ የትልቁን ልጅ የደኅንነት ወንበር ላስገባ የፊት ወንበሩን አጥፌ እንደጎነበስኩ ቀና ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ መጥቶ ደግፎ አወጣኝ። እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ «እንሽጣታ» አለ። እንዴት እንደከበደው ከድምፁ ያስታውቃል።

በማግስቱ ማታ አንድ ፖስታ ሙሉ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ማርሚታ 85 ሺህ። ቸርኬና ጎማ 190 ሺህ። ከመሬት ዝቅ የሚያደርጋት ሞላ ከነአሞርዛተሩ 110 ሺህ። ቀለም 120 ሺህ። ድምፅ ማጉያ 70 ሺህ። የአየር ፊልተር 15 ሺህ። ድምሩ 590 ሺህ ብር። «ምንም ያልተነካች ሴሊካ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ትሸጣለች፤ የእኔን ጨምሪበት፣ 2 ሚሊዮን 340 ሺህ። አላጋነንኩም፤ ያወጣሁትን ብቻ ነው የጠየቅሁት» አለኝ።

የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ነው። ሙያው መጀመሪያ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ገዢ የሚከፍለው ለሚያገኘው ጥቅም እንጂ ሻጭ ላወጣው ወጪ አለመሆኑን ነው። ይህንን ለደንበኛ መንገር ቀላል ነው፤ ለባል ሲሆን ግን ያወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የወጣትነት ቅዳሜዎቹም ደረሰኙ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሳልከራከር ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። የዚያን ምሽት ስሌት ለገዢም ለሻጭም ይጠቅማል ብዬ ነው ዛሬ ያመጣሁላችሁ።

መጀመሪያ የሚያዝ ቁጥር ምንም ያልተነካችው የዚያው ዓመተ ምሕረት፣ የዚያው ሞተር መኪና የምትሸጥበት ዋጋ ነው። «የምትሸጥበት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ደላላ የሚጠራው ዋጋና ገንዘብ የሚቆጠርበት ዋጋ ይለያያሉ። በቅርብ የሸጡ ሁለት ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ይሻላል። በሌላው አገር ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ዋጋዋ ይወርዳል። እኛ ዘንድ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌዋ መኪና ዋጋዋን ይዛ የምትቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን ለተነካችውም ላልተነካችውም እኩል ይሠራል፤ የባለቤቴን ማርሚታ ለብቻው አያስወድደውም።

«የዚያው ሞተር» ማለትም ቁም ነገር አለው። ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተመረተችው የመጨረሻዋ ሴሊካ ሁለት ዓይነት 1.8 ሊትር ሞተር ነበራት። አንደኛው ኮሮላም ላይ የሚገኘው ዋንዜድዜድ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 140 የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለተኛው ከያማሃ ጋር የተሠራው ቱዜድዜድ ነው፤ እሱ 180 አካባቢ ይደርሳል። ከውጭ ሲያዩዋቸው እህትማማች ናቸው። የኋላ በሯ ላይ የተለጠፈ ምልክት ደግሞ ማንም ገዝቶ ሊለጥፈው ይችላል። ስለዚህ ተለጣፊውን ትታችሁ ኮፋኖውን አስከፍቱና ሞተሩ ላይ የተመታውን አንብቡ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የእኛዋ ዋንዜድዜድ ናት። ጉልበቷ ያነሰ ቢሆንም ዕቃዋ ከኮሮላ ስለሚጋራ ሶማሌ ተራ ሄዶ ማግኘት አያስቸግርም፤ እሱም ራሱን የቻለ ዋጋ አለው።

ቀጥሎ የተጨመረውን ሁሉ ሦስት ቦታ ከፈልነው።

አንደኛው ማንም ገዢ የሚጠቀምበት ነው፦ አዲስ ጎማ፣ ጥሩ ፍሬን፣ የመሳሰለው። ይህ ይቆጠራል፤ ሆኖም ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ በአዲስ ዋጋው አይደለም። ጎማዎቹ የስድስት ወር ስለነበሩ 60 ሺህ ደመርን።

ሁለተኛው የባለቤቱ ጣዕም ነው፦ ቀለም፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ፊልተር። ለአንዱ ጌጥ፣ ለሌላው ጩኸት ነው። ባለቤቴ እዚህ ላይ «ፊልተሩና ማርሚታው እኮ ጉልበት ይጨምራሉ!» አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ወደ አምስተኛ እጅ ገደማ ያጣል። ክፍት ፊልተር ደግሞ መከለያ ካልተሠራለት የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። የጨመረው ድምፅ ነው። ዜሮ ጻፍን። ድምፅ ማጉያውን ነቅሎ እንዲያስቀረው ተስማማን፤ አንድ ነገር እንኳን ይቅርለት ብዬ።

ሦስተኛው ዋጋ የሚቀንስ ነው። ዝቅ ያለች መኪና ለከተማችን የፍጥነት መግቻና ለሰፈር ኮረት አትመችም፤ ብዙ ገዢ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ይፈልጋል። ሞላው በመጋዝ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዋጋ አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆን ነበር። ደግነቱ ባለቤቴ የነቀላቸውን ኦሪጅናል ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን አስሮ አስቀምጧል፦ ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ ማርሚታው፣ የፊልተር ቤቱ። ስለዚህ የሚቀነሰው የመካኒክ እጅ ብቻ ሆነ፤ 10 ሺህ። ዓመት ሙሉ «ይህን ካርቶን ጣልልኝ» እያልኩ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ቀለሙም ጣጣ ነበረው። ሊብሬው ግራጫ ይላል፣ መኪናዋ ቀይ ናት። ያንን ሳናስተካክል ስም ማዛወር እንደማይሆንልን ስላወቅን ከመሸጣችን በፊት ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናንበት። ገዢ ከሆናችሁ ይህንን ከቀብድ በፊት ተመልከቱ።

ሁሉን ጨርሰን ልንተኛ ስንል ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንድ ነገር አለ» አለኝ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ካምቢዮው ይንገጫገጫል። ሃያ ደቂቃ ከተነዳች በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ከዓመታት ኃይለኛ አነዳድ የመጣ መሆኑን ራሱ ያውቃል። «ሰው ሲመጣ ቀድሜ ዞር ዞር ላድርጋትና ላሙቃት?» ሲል ጠየቀኝ።

ውሸት ለመናገር አይደለም የጠየቀኝ፤ ዝም ለማለት ነው። ሥራዬ ላይ ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አውቃለሁ፤ የዕቃውን መልካም ጎን አጉልቶ ሌላውን መተው ተምረንበታል። ግን የሚመጣው ሰው ምናልባት የዕቁቡን ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛም በዚህ ገንዘብ አሮጌ የቤተሰብ መኪና ልንገዛ ነው፤ የዚያኛዋ ባለቤትስ ቀድሞ ቢያሞቅብን? «ካምቢዮ ማሠራት ስንት ይፈጃል?» አልኩት። «ወደ 80 ሺህ።» ቀነስን። 1 ሚሊዮን 720 ሺህ። ከመጀመሪያው ሐሳቡ 620 ሺህ ያነሰ ነው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር መጣ። አባትየው ሰላምታ እንደጨረሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ ማሳረፍ ነበር። «ቀዝቃዛ ናት» አሉና ልጃቸውን አዩት። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ ይህችን ያዙልኝ፤ ኮፋኖው ከሞቀ ሌላ ቀን ማለዳ ተመለሱ።

ባለቤቴ ቁልፉን ለልጁ ሰጥቶ «ሁለተኛ ስታስገባ ትሰማዋለህ፤ 80 ሺህ ቀንሼበታለሁ» አለው። ዞረው ሲመለሱ አባትየው «ሌላስ?» ሲሉ ጠየቁ። «ሌላ የለም ጋሼ፤ ካለም አላውቀውም።» 1 ሚሊዮን 740 ሺህ ብለን ጀምረን 1 ሚሊዮን 720 ሺህ ላይ ተስማማን፤ ካርቶኑንም መረቅንላቸው። ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን።

ከወር በኋላ ልጁ ደወለ። ካምቢዮው ተከፍቶ 95 ሺህ ጨርሷል። ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ የጎደለውን 15 ሺህ ሊጠይቀን ነው ብዬ እኔም ተሰናዳሁ። ልጁ ግን የደወለው ምን ዓይነት የካምቢዮ ዘይት ይጠቀም እንደነበር ለመጠየቅ ነበር። ሲጨርሱ «ማርሚታውን አልነቀልኩትም፤ ወድጄዋለሁ» አለው።

ባለቤቴ ያን ቀን ማታ ደረሰኞቹን ፖስታው ውስጥ መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣቸው። አልጣላቸውም፤ እኔም ጣላቸው አላልኩትም።